«ፋቀ» የሚለው ቃል ትርጉሙና አመጣጡ

ለመሆኑ «ፋቀ» ማለት ምን ማለት ነው? ጥያቄው አማርኛ ለሚናገር ሰው ከቶ መነሣት የሚገባው አይመስልም። ድስት መፋቅ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ቆዳ መፋቅ ሲባል እየሰማ ያላደገ ማን አለ? ነገር ግን ቃሉን ጠጋ ብለን ስንመረምረው በአንድ በኩል ከግዕዝ የብራና መጻሕፍት፣ በሌላ በኩል ከቁስል ሕክምና፣ በሦስተኛ ደረጃም ከአገራችን የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ አሳዛኝ ከሆነው ምዕራፍ ጋር ያገናኘናል። ያው አንድ ቃል ለአንዱ ሰው የሙያ መጠሪያ፣ ለሌላው ስድብ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ በቃሉ ውስጥ ይገኛል ወይስ ከቃሉ ውጭ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

በቅድሚያ ትርጉሙን እንወስን። መፋቅ ማለት ስለት ባለው ወይም ሻካራ በሆነ ነገር ደጋግሞ በመግፋት የአንድን ነገር የላይኛውን ሽፋን ጥቂት በጥቂት ማንሣት ነው። አማርኛችን በዚህ ዙሪያ ያሉትን ድርጊቶች በጥንቃቄ ለያይቶ ሰይሟቸዋል። መጫር መስመር ማውጣት ነው፤ ዶሮ መሬት ትጭራለች፣ ክብሪት ይጫራል፣ ጠብም እንደ እሳት ይጫራል። መቧጨር የጥፍር ሥራ ነው። መላጥ ሽፋኑን በቁመቱ መግፈፍ ስለሆነ ብርቱካንና ሙዝ ይላጣሉ፤ ካሮት ግን ይፋቃል። መፈግፈግ አጥብቆ ማሸት ሲሆን ቆሻሻው እንጂ ገጹ ራሱ እንዲነሣ አይፈለግም። በመፋቅ ጊዜ የሚነሣው ነገር ደቆ ወይም ተበጣጥሶ ይወጣል፤ «ፍቅፋቂ» የሚል ስም የተሰጠውም ለዚሁ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቃሉ በራሱ ጉዳት ወይም ጥቅም የሚል ፍርድ የለበትም። በአዲስ ድስት ላይ በቢላዋ የሚፍቅ ሰው ድስቱን አበላሸ ይባላል። ያረረውን ምጣድ የሚፍቅ ግን አጸዳ ይባላል። በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት የሚፋቀው ለምግብ ነው። ሴቲቱ የእንሰቱን ቅጠል እግር በተጋደመ ወይም ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ታኖረዋለች፤ በአንድ እግሯ ታጥቀውና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለስላሳው ክፍል ለቆጮ ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ከ15 ሚሊዮን በላይ የሚሆን ሕዝብ የሚመገበው በዚህ አኳኋን የተፋቀውን ነው። የምግብ ሳይንስ መጻሕፍት ስለ መቦካቱ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ሴቲቱ ትከሻና ወገብ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው። ይህን በሌላ ጊዜ ልመለስበት እመኛለሁ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የሚፋቅ የስልክ ካርድ መጣና፣ ብራማውን ቀለም በሳንቲም ማንሣት «መፋቅ» ተባለ። ማንም አላዘዘም፣ ማንም ኮሚቴ አልሰበሰበም፤ ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ አመጣጡ እንለፍ። «ፋቀ» በግዕዝ «ፈሐቀ» ነው። መካከለኛው «ሐ» በአማርኛ ጠፍቶ፣ የፊተኛው ፊደል ራብዕ ሆኖ ቀርቷል። ይህ በዚህ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሠሐቀ ሳቀ፣ ጸሐፈ ጻፈ፣ ርሕቀ ራቀ፣ ለአከ ላከ ሆነዋል። እርባታቸውንም ብናይ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ይታወቃል፦ ስቆ፣ ጽፎ፣ ርቆ፣ ልኮ፣ ፍቆ። ትግርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ስለ ጠበቀ በዚያ ቋንቋ እስከ ዛሬ «ፈሓቐ» ይባላል። እኛ በዓረብ አገር የምንማር ተማሪዎች ደግሞ የጠፋውን ድምፅ በጎረቤት ቋንቋ ሲነገር በየቀኑ እንሰማዋለን። ዓረቡ መጽሐፉን «ሙስሐፍ» ሲል ከጸሐፈ ጋር ያለውን ዝምድና፣ መልአክን «መላክ» ሲል ከለአከ ጋር ያለውን ዝምድና ማስተዋል አያስቸግርም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ማደንዘዣ የተሰጠው ሕመምተኛ ዓይኑን ሲገልጥ በዓረብኛ «አፋቀ» ይባላል፤ በአንዳንዱ አገር አነጋገርም «ፋቀ» ወይም ቃፉ ላልቶ «ፋአ» ይባላል። ነቃ ማለት ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ ይህን ሰምቶ ደስ ቢለውና ሁለቱን ቃላት ዘመዳሞች ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የዓረብኛው ሥር ግን ፈ፣ ወ፣ ቀ ነው፤ የእኛው ፈ፣ ሐ፣ ቀ ነው። የተገናኙት እያንዳንዳቸው መካከለኛ ፊደላቸውን በየፊናቸው ስለ ጣሉ ብቻ ነው። እውነተኛ ዘመድ የሚፈልግ «አከከ»ን ይውሰድ። በግዕዝ ሐከከ፣ በዓረብኛ ሐከ ነው፤ በቆዳ ሕክምና ክፍል ዓረቡ ሕመምተኛ «ሒካ» አለብኝ ሲል የእኛ አገር ሰው «ያሳክከኛል» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ፈሐቀ በግዕዝ ምን ያህል የታወቀ ቃል እንደ ነበረ ለመረዳት የብራና መጻሕፍትን መግለጥ ይበቃል። በብዙዎቹ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይገኛል። «ዘፈሐቆ» ይላል፤ የፋቀው ማለት ነው። ስርቆትና መፋቅ ጎን ለጎን የቆሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ብራና ላይ የተጻፈ ቀለም በስለት ስለሚነሣ፣ መጽሐፉ በግዢም በዘረፋም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ፍቆ የራሱን ማስገባቱ የተለመደ ነበር። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ ባሉት ብራናዎች ላይ ይህ ምልክት በግልጽ ይታያል፤ በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ሻክሮ፣ በላዩ ሌላ እጅ የጻፈው ስም ተቀምጧል። «ስሙ ከመዝገብ ተፋቀ» የምንለው አነጋገር ከዚህ ልምድ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል። የተሰረዘ ስም መስመር ቢያርፍበትም ይነበባል፤ የተፋቀ ስም ግን ቦታውን ለሌላ ይለቃል።

ቢሆንም የተፋቀ ሁሉ ጨርሶ ይጠፋል ማለት አይቻልም። በ10ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተገለበጡ የአርኪሜዲስ ድርሳናት በ1229 እ.ኤ.አ. ተፍቀው ብራናው የጸሎት መጽሐፍ ሆነበት። የተፋቀው ጽሑፍ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት በልዩ ልዩ የብርሃን ቀለማትና በኤክስሬይ እየተመረመረ ተነበበ። ቀለሙ ወደ ብራናው ሥጋ ገብቶ ስለ ነበር ስለቱ ሁሉንም አላገኘውም። ግሪኮቹ እንዲህ ያለውን ብራና «ፓሊምፕሴስት» ይሉታል፤ ዳግመኛ የተፋቀ ማለት ነው።

ከብራናው ቆዳ ወደ ሰው ቆዳ እንምጣ። በሕክምና ትምህርት «አብሬዥን» የሚባል የጉዳት ዓይነት አለ። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ራዴሬ» ማለት መፋቅ ወይም መላጨት ነው፤ የጢም መላጫው «ሬዘር» የሚለው ስምም ከዚያው ሥር ነው። ዓረቦቹ «ሰሕጅ» ይሉታል። በአማርኛ «ፍቀት» ብንለው ከትርጉሙ ፈጽሞ አንርቅም። አንድ ሰው አስፋልት ላይ ወድቆ ክንዱ ሲንሸራተት የሚደርስበት ይኸው ነው። በአብዛኛው አካላችን ላይ የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውፍረት አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው የመራቢያ ሕዋሳት ረድፍ እስካለ ድረስ ንጣፉ ራሱን ይተካል፤ ጠባሳም አይተውም። ፍቀቱ ከዚያ ሲጠልቅ ግን ጠባሳ ይመጣል።

ጥርስ እንደዚህ ይቅር ባይ አይደለም። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በሰውነታችን ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ነገር ግን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከበቀለ በኋላ ስለማይኖሩ አንዴ ተፍቆ ያለቀ አይመለስም። የወይራም ሆነ የክትክታ መፋቂያ፣ የዓረቡም ሲዋክ ቢሆን፣ ጫፉ ታኝኮ ለስልሶ በቀስታ ቢሠራበት መልካም መሣሪያ ነው። ብርቱ ክንድ ያለው ሰው ወደ ጎን አጥብቆ ሲገዘግዝበት ግን በድዱ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ የሚመስል ጎድጓዳ ያወጣል። የፕላስቲኩ ብሩሽም ያው ነው። ሥራ ፈት ሰው «ጥርሱን ሲፍቅ ይውላል» ይባላል፤ ሐኪም ቢጠየቅ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል የሚል ይመስለኛል።

የእነዚህ ቃላት ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ላንሣ። በምንማርበት አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ወደ ሐኪም ቤት ሲመጡ አስተርጓሚ ይጠፋል፤ የሕክምና ተማሪ የሆነ ያገር ልጅ ካለ ይጠራል። አንድ ቀን የሁለት እጆቿ መዳፍ ቀልቶ የቆሰለባት ልጅ መጣች። አብሯት የመጣው ሰው ግድግዳ ስታጥብ ተፋቀባት ብሎ በዓረብኛ አስረድቶ፣ ካርዱ ላይም «ሰሕጅ» ተብሎ ተጽፏል። «እህቴ፣ በምን ተፋቀብሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ማን ፋቀው ወንድሜ» አለችኝ፤ «ራሱ ነው የተላጠው። በረኪናው ነው። ጓንት የለም።»

አንድ ግስ ተለወጠና ምርመራው ተለወጠ። የተፋቀ ቆዳ ታጥቦ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ፣ ተሸፍኖ ይድናል። በኬሚካል የተላጠ ቆዳ ግን ቃጠሎ ነው፤ አደጋው እንደ ደረሰ የተበከለው ልብስ ወልቆ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅቱ ወደዚያው በረኪና ባዶ እጇን እንዳትመለስ ማድረግ ያስፈልጋል። ካርዱ ተስተካክሎ ተጻፈላት። ስለዚህ የማስተርጐም ዕድል የሚገጥማችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ተፋቀ፣ ተላጠ፣ ተጫረ፣ ተቧጨረ የሚሉትን ሁሉ በአንድ «ቁስል» ጠቅልላችሁ እንዳትተረጕሙ አደራ እላለሁ። ጉዳዩ ወደ ሕግ ሲያመራማ ልዩነቱ ማስረጃ ይሆናል። የጥፍር ቡጭሪያ ብዙ ጊዜ የጨረቃ ቅርጽ ይዞ ይታያል። በመጎተት የመጣ ፍቀት የተነሣውን የቆዳ ፍቅፋቂ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ስለሚያከማች፣ ሰውነቱ በየት አቅጣጫ እንደ ተጎተተ ለሐኪሙ ይናገራል።

እስካሁን ያየነው ቃሉ ግስ ሆኖ ሲሠራ ነው። የሰው ስም ሲሆንስ? «ፋቂ» በሰዋስው ረገድ ጸሐፊ፣ ሸማኔ፣ አናጢ ከሚሉት አይለይም፤ የሚፍቅ ማለት ብቻ ነው። የፍየልና የበግ ቆዳ ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቆ ብራና የሚያወጣው ሰው «ብራና ፋቂ» ተብሎ በአድባራትና በገዳማት አካባቢ ሙያው ይነገርለታል። ያንኑ የፍየል ቆዳ ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ ስልቻና አቅማዳ የሚያወጣው ግን «ፋቂ» ሲባል በብዙ ቦታ ስድብ ሆኖ ኖረ። የእጁ እንቅስቃሴ አንድ፣ ቆዳው አንድ፣ መሣሪያውም ዘመዳም ነው። ስለዚህ ንቀቱ ከቃሉ አልመነጨም። የመነጨው ሥራን በደረጃ ከፍሎ፣ በላቡ የሚያድረውን የእጅ ባለሙያ ከሰው በታች ካስቀመጠው የቀድሞው ሥርዓት ነው።

ንቀቱ በአፍ ብቻ አልቀረም። በወላይታና በጋሞ ደጌላ ወይም ደጋላ፣ በሲዳማ አዋቾ የሚባሉት የቆዳ ባለሙያዎች ከሌላው ጋር አይጋቡም ነበር። የበከተ ይበላሉ፣ ቡዳ ናቸው ተብለው ይታማሉ፤ ርስት የመያዝ መብትም በብዙ ቦታ ተነፍጓቸው ነበር። እዚህ ላይ ያለውን ግፍ ለማስተዋል ባለ ርስቱ በቤቱ ያለውን ይቁጠር። የተኛበት ጀንዲ፣ እህሉን የጫነበት ስልቻ፣ የበቅሎው ኮርቻና ልጓም፣ በሬውን የሚነዳበት ጅራፍ፣ በጦርነት የመከተበት ጋሻ፣ በማኅሌት የሚመታው ከበሮ፣ ሁሉም በፋቂው እጅ ያለፉ ናቸው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው እየጠሩ ማዋረድ አገርን ያለ ሙያተኛ እንደሚያስቀር አስጠንቅቀው፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ ገልጸዋል። አዋጁ መልካም ነበር፤ አዋጅ የሚነገርበት ነጋሪት ራሱ የተለበሰው ግን አንድ ሰው በፋቀው የበሬ ቆዳ መሆኑን ሰሚው ስንት ጊዜ አስቦት ይሆን? መሬትን በሚመለከት ሁኔታው በሕግ ደረጃ የተለወጠው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በየካቲት 1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው። በጋብቻና በማዕድ ረገድ ያለው ግን በአዋጅ ቀን ተጀምሮ በአዋጅ ቀን የሚያልቅ አልሆነም፤ ዛሬም ቃሉ በቁጣ ጊዜ ከአፍ ሲወጣ ይሰማል። በየተማሪው መኖሪያም ቢሆን በቀልድ መልክ ይነገራል። በቀልድ የተነገረበት ልጅ አያቱ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ተናጋሪው አያውቅም።

በዚህ ላይ የሕክምና ዓይን የሚጨምረው አንድ ነገር አለ። ፋቂው ከንቀቱ ሌላ የሚከፍለው ዋጋ ነበረው። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ ጀርም፣ ሮበርት ኮህ በ1876 እ.ኤ.አ. የበሽታው ምክንያት መሆኑን ያረጋገጠው፣ ራሱን በዘር መልክ ሸፍኖ በቆዳና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ይቆያል። በጤነኛ ቆዳ አያልፍም። በተጫረ ወይም በተፋቀ ቆዳ ግን ይገባል፤ ቆዳ የሚፍቅ ሰው እጅ ደግሞ ከጭረት ነፃ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። በገባበት ቦታ መጀመሪያ የሚያሳክክ እብጠት፣ ከዚያ የማያም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይወጣል። ካልታከመ ከመቶ እስከ 20 የሚደርሱትን ይገድላል፤ በጊዜው መድኃኒት ካገኘ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። እንግዲህ የበከተ በል እየተባለ የሚታማው ሰው፣ ሌላው ከብቱ ሲሞትበት የሰጠውን ቆዳ ሲያለፋ በዚሁ በሽታ ይያዝ ነበር ማለት ነው። ጓንት፣ ንጹሕ ውኃና የቅርብ ክሊኒክ ቢኖር ይህ ሁሉ በቀረ።

ዛሬ በሞጆና በሌሎች ከተሞች ባሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ሥጋውን ከቆዳው ላይ የሚፍቀው ባለ ስለት ጥቅል ያለው ማሽን ነው። በማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ኦፕሬተር ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይህንኑ የተማረው ደግሞ የቆዳ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነው። በኮንሶና በጋሞ ግን በእጅ የሚፍቁ አሁንም አሉ፤ መሣሪያቸውም ድንጋይ ነው። በኮንሶ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን በጋሞ የወንዶች ነው። ባልጩትን የመሰለ ስለት የሚያወጣ ድንጋይ መርጠው፣ ፈልጠው፣ በእንጨት እጀታ ላይ አጣብቀው፣ ሲደንዝ ጠርዙን እያነሡ ይፍቁበታል። በዓለም ላይ ይህ ሙያ እስከ ዘመናችን የዘለቀባቸው ቦታዎች እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ አጠገባቸው ተቀምጠው ድንጋዩ በስንት ምት እንደሚደንዝ፣ ቆዳው በስንት ፍቀት እንደሚጠራ ሲቈጥሩና ሲመዘግቡ ቆይተዋል። በቁፋሮ የሚገኙት የብዙ ሺህ ዓመት መፋቂያዎች ለምን ያን ቅርጽ እንደ ያዙ የሚያስረዷቸው እነዚሁ ሴቶችና ወንዶች ናቸው። የኮንሶዋ እናት የትኛው ድንጋይ እንደሚመረጥ ለልጇ ታስተምራታለች።